ጭነት በገመድ ብቻ አይጸናም፦ ከአራዳ ገበያ እስከ አዲሷ ፒያሳ

ስለ ጭነት አያያዝ በአዲስ አበባ ወሬ በተነሣ ቁጥር ክርክሩ ቶሎ የሚያርፈው ማሰሪያው ላይ ነው። ገመዱ ሳስቷል፣ ሸራው ተቀዷል፣ ረዳቱ አላጠበቀውም፣ ፎርክሊፍት የለም ይባላል። ሁሉም እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የተደረደረ ዕቃ የሚናደው፣ የሚጨፈለቀውና የሚበሰብሰው ብዙውን ጊዜ ገመዱ ከመወርወሩ በፊት በተሠራ ወይም ሳይሠራ በታለፈ ነገር ነው። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያም ይኸው ነው፦ የጭነት ደኅንነት በሦስት ነገሮች ይወሰናል። የመጀመሪያው ዕቃው የሚያርፍበት መደብ ነው። ሁለተኛው አንዱ ጥቅል ከሌላው ጋር ልክ ለልክ መግጠሙ ነው። ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚረሳው ደግሞ ዕቃው ከጫኙ እጅ ወጥቶ ተረካቢው እጅ እስኪገባ ድረስ ቢጎዳ ኪሳራው የማን እንደሆነ መታወቁ ነው። ማሰሪያው የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው። ጉዳዩን ለመመርመር አራዳና ፒያሳ የሚመቹት ያለ ምክንያት አይደለም። የከተማይቱ የመጀመሪያ ትልቅ ገበያ የቆመው እዚህ ነው፤ የበቅሎው፣ የባቡሩና የአይሱዙው ዘመን ጭነት ሁሉ ወደዚህ ዳገት ወጥቷል፤ አሁን ደግሞ አሮጌው ሰፈር ፈርሶ አዲስ እየተሠራ ስለሆነ ዕቃ በየት ይግባ የሚለው ጥያቄ እንደገና ተከፍቷል።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አራዳ ዕቃ የሚገባው በእንስሳ ጀርባ ነበር። ቆላውን በግመል ያቋረጠው ሸቀጥ ደጋው ሲደርስ ወደ በቅሎና ወደ አህያ ይዛወራል። የበቅሎ ጭነት በግራና በቀኝ ካልተመጣጠነ መንገድ ላይ መዞሩ አይቀርም፤ ስለዚህ ነጋዴው መጫኛውን ከማጥበቁ በፊት ሁለቱን ጎን ያመዛዝን ነበር። ከአፋር በረሃ የሚወጣው አሞሌ ጨው በተለይ የሚያስተምር ነገር አለው። አሞሌ ሸቀጥም ገንዘብም ነበር፤ ጫፉ ከተሸረፈ የመግዛት አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ እንዳይሰበር ዙሪያውን በልጥ ወይም በሚታጠፍ ቀጭን እንጨት ይታሰር ነበር። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባው ማሰሪያው ብቻ አይደለም። የአሞሌው ቅርጽ በሁሉም ዘንድ የታወቀ ነበር፤ ጉዳቱም ወዲያውኑ በባለቤቱ ኪስ ላይ ይታያል፤ ባለቤቱ ወይም ወኪሉም ከጭነቱ ጋር አብሮ ይጓዛል። የልጡ ማሰሪያ የሠራው እነዚህ ሁሉ ስለነበሩ ነው።

የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ይህ አሠራር ተለወጠ። የአንድ ጥቅል ክብደት በበቅሎ ጀርባ መወሰኑ ቀረ። ትልልቅ ሣጥንና ጥቅል ለገሐር ይራገፍና ዳገቱን ወጥቶ ወደ አራዳ ሱቆች፣ እንደ መሐመድ አሊ ወዳሉ የሕንድ፣ እንዲሁም ወደ አርመንና ወደ ግሪክ ነጋዴዎች መደብሮች ይገባል። ከሁሉ የሚልቀው ለውጥ ግን የዕቃው ባለቤትና ዕቃውን የሚይዘው እጅ መለያየታቸው ነው። ጫኙ ሌላ፣ አጓጓዡ ሌላ፣ አውራጁ ሌላ፣ ነጋዴውም ሌላ ሆነ። ኢጣሊያ በወረራው ዘመን ገበያውን ወደ አዲስ ከተማ አዛውራ መርካቶ ሲመሠረት እንኳ አራዳ ከጭነት አልተላቀቀም። የጅምላ አትክልትና ፍራፍሬ ገበያው፣ አትክልት ተራ፣ እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ በየሌሊቱ የጭነት መኪና የሚሰለፍበት ሰፈር ሆኖ ቆየ። የዛሬው ችግር ሥሩ ያለው በዚህ መለያየት ውስጥ ነው። ይህን ከማሳየት በፊት ግን ገመድ በእርግጥ ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል መመዘን ያስፈልጋል።

በአውሮፓ አገሮች የሚሠራበት ኢኤን 12195 የተባለው የጭነት አያያዝ ደረጃ አንድ መኪና ድንገት ፍሬን ሲይዝ ጭነቱ በክብደቱ 0.8 እጥፍ ወደ ፊት እንደሚገፋ፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ደግሞ በ0.5 እጥፍ እንደሚገፋ አስቦ እንዲታሰር ያዝዛል። ይህን አምስት ቶን በጫነ አይሱዙ ላይ እንየው። ፍሬን ሲያዝ 4,000 ኪሎ ያህል ግፊት ወደ ፊት ይመጣል። እንጨት በእንጨት ላይ ሲያርፍ የሚፈጠረው ሰበቃ በዚሁ ደረጃ 0.45 ተብሎ ስለሚታሰብ 2,250 ኪሎ ያህሉን ይይዛል። የቀረው 1,750 ኪሎ በፊተኛው የጭነት ግድግዳ ወይም በማሰሪያው መያዝ አለበት። ከጎን ወደ ጎን በላይ በኩል የሚወረወር ገመድ ግን ጭነቱን ወደ ታች ይጫናል እንጂ እንዳይሄድ ፊት ለፊት አይገታውም፤ ሥራው ሰበቃውን መጨመር ብቻ ነው። ጭነቱ የሽንኩርት ጆንያ ከሆነ ደግሞ ገመዱ ጆንያው ውስጥ ይሰምጣል፤ መኪናው ጥቂት እንደሄደ ጆንያዎቹ ይጠቀጠቃሉ፤ ሲጫን የተወጠረውም ገመድ ይላላል። ከጥቂት ጉዞ በኋላ ቆሞ ደግሞ ማጥበቅ የሚመከረው ለዚህ ነው። ሸራም ከዝናብና ከፀሐይ ይከልላል እንጂ ማሰሪያ አይደለም። አይሱዙ በፍጥነቱና ባደረሰው አደጋ «አልቃይዳ» የሚል ቅጽል በወጣለት አገር ይህ ስሌት የመጽሐፍ ነገር ብቻ አይደለም። መደምደሚያውም ግልጽ ነው፤ ልል በሆነና ቦታ በተረፈው ጭነት ላይ የተወረወረ ገመድ ምንም ያህል ቢወፍር ሥራውን ሊሠራ አይችልም። ጭነቱ መጀመሪያ ተጠጋግቶ፣ ፊት ለፊት ከግድግዳው ጋር ተያይዞ መደርደር አለበት።

ድርድሩ ራሱ ደግሞ ለሁሉም ዕቃ አንድ ሕግ የለውም፤ በልማድ የሚሠራ እጅ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ጆንያ ለስላሳ ነው፤ ክብደቱን የሚሸከመው ውስጡ ያለው እህል ነው። እንደ ብሎኬት ግንብ የላይኛው የታችኛውን መገጣጠሚያ እንዲሸፍን እየተጠላለፈ ሲደረደር ቁልሉ ራሱን በራሱ ይይዛል። በደንብ የተያዘ የእህል መጋዘን ይህን ያውቃል፤ ቁልሉን በእንጨት መደብ ከሲሚንቶው ወለል ከፍ ያደርጋል፣ ከግድግዳውም አንድ ሜትር ያህል ያርቃል። ነፋስ ያልፍበታል፣ ሰው ዙሪያውን ቆጥሮ ያየዋል፣ ተባይ ሲገባም መድኃኒት ለመርጨትና ለማጠን ይመቻል። ካርቶን ግን ተቃራኒው ነው። የካርቶን ጉልበቱ ያለው በአራት ማዕዘኖቹ ላይ ነው፤ ማዕዘን በማዕዘን ላይ ቀጥ ብሎ ሲያርፍ ብዙ ይሸከማል። እንደ ጆንያ ከተጠላለፈ የላይኛው ማዕዘን በታችኛው ካርቶን ደካማ ሆድ ላይ ያርፍና የመሸከም አቅሙ እስከ ግማሽ ሊወርድ ይችላል። ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከመደቡ ጠርዝ ወጥቶ ቢንጠለጠልም፣ በክረምት እርጥበት ቢጠጣም እንዲሁ ይደክማል። ቀጥ ብሎ የተደረደረ የካርቶን ዓምድ በበኩሉ በጎን ስለሚወላገድ በቁልል ዙሪያ የሚጠቀለለው የሚለጠጥ ፕላስቲክ እውነተኛ ሥራ የሚያገኘው እዚህ ነው፤ ዓምዶቹን አንድ ላይ ያስራቸዋል። ይህም ቢሆን ፕላስቲኩ ከታች ጀምሮ መደቡን ጭምር እየጠቀለለ ከወጣ ብቻ ነው። አለበለዚያ ካርቶኖቹ እርስ በርሳቸው ይታሰሩና ሙሉው ቁልል ከመደቡ ላይ ተንሸራትቶ ይወርዳል። በጆንያ የሠለጠነ ጫኝ ካርቶን ሲያበላሽ ጥፋቱ የስንፍና ሳይሆን፣ ለአንዱ ዕቃ ትክክል የሆነውን ጥበብ ለሌላው መጠቀም ነው።

መደብ ካልን ዘንድ ወደ ፓሌት እንምጣ። ፓሌት ሲያዩት ጥቂት ጣውላና ምስማር ነው፤ ሥራው ግን ብዙ ትናንሽ ዕቃዎችን አንድ ዕቃ ማድረግ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር ስንቅና ትጥቅ ለማመላለስ ከፎርክሊፍት ጋር በሰፊው ተጠቀመበት፤ እ.ኤ.አ. በ1961 ደግሞ የአውሮፓ የባቡር ድርጅቶች 800 በ1,200 ሚሊ ሜትር በሆነ አንድ ልክ ተስማሙ። የስምምነቱ ዋና ጥቅም ጣውላው ላይ አልነበረም፤ ሙሉ ፓሌት ያስረከበ ባዶውን ወይም ተመጣጣኙን መልሶ እንዲወስድ ማስቻሉ ነው። ልክ ግን በዘፈቀደ የሚወሰድ ነገር አይደለም። የዓለም አቀፉ ኮንቴይነር የውስጥ ስፋት 2.35 ሜትር ያህል ነው፤ የአውሮፓው ፓሌት በ1.20 ሜትር ጎኑ ሁለቱ ጎን ለጎን 2.40 ሜትር ስለሚሆኑ አይገቡም። በእስያ የሚዘወተረው 1,100 በ1,100 ሚሊ ሜትር የሆነው ግን ሁለቱ በ2.20 ሜትር ይገባሉ። ዕቃዋን በብዛት በጅቡቲ በኩል በኮንቴይነር ለምታስገባ አገር ይህ የአምስት ሴንቲ ሜትር ልዩነት የመጋዘንን፣ የመኪናን እና የመደብርን ልክ የሚወስን ነው። የእንጨት ፓሌት ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነም ተባይ እንዳያሻግር ልቡ 56 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ደርሶ ለ30 ደቂቃ መቆየት አለበት ወይም በሌላ የተፈቀደ መንገድ መታከም ይኖርበታል፤ ይህም እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ደረጃ የጸደቀ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ የተትረፈረፈው ባሕር ዛፍ ለዚህ ሊውል ይችላል፤ በሚገባ ካልደረቀ ግን ይጣመማል፣ ምስማርም ይሰነጥቀዋል።

አሁን ወደ አትክልት ተራ። ከመቂና ከባቱ በሣጥን ተጭኖ ከስምጥ ሸለቆው ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ የሚወጣውን ቲማቲም እንውሰድ። የእንጨት ሣጥኑ እስከ አፉ ብቻ ሳይሆን ከአፉ በላይ ይሞላል፤ ምክንያቱም የሚሸጠው በሣጥን ነውና ገዢው ጉብ ያለውን ይመርጣል። ከዚያ በላዩ ሌላ ሣጥን ይጫናል። በዚህን ጊዜ የላይኛውን ክብደት የሚሸከመው የሣጥኑ ጣውላ መሆኑ ቀርቶ ቲማቲሙ ይሆናል። የሻካራው ጣውላ ጠርዝ በጎን ይቆርጠዋል፤ መንገዱ ይንጠዋል፤ ገመዱ ከላይ በጠበቀ ቁጥር የታችኛው ይበልጥ ይጨፈለቃል። ሽንኩርት በጆንያ ይሻላል፤ ሆኖም አየር ካጣ ይሞቃል፣ ይበቅላል። ከአርባ ምንጭ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዘው ሙዝ ደግሞ ሣጥንም የለውም፤ ዘለላው ከነግንዱ በቅጠል ተለብዶ ይከመራል፤ የታችኛው ረድፍ የላይኛውን ሁሉ ክብደት ተሸክሞ ይገባል። በሦስቱም ላይ ያለው ጉድለት የገመድ አይደለም። በቲማቲሙ የሣጥኑ ልክና አሞላል ነው፤ በሽንኩርቱ አየር የሚያስገባ መደብ ማጣት ነው፤ በሙዙ ጭራሹን ጥቅል አለመኖሩ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጥናት በዓለም ለሰው ምግብ ከሚመረተው ሲሶው ያህል እንደሚጠፋ ወይም እንደሚባክን ገምቷል። በታዳጊ አገሮች የዚህ ትልቁ ድርሻ የሚጠፋው ምግቡ ገበታ ላይ ከመቅረቡ በፊት፣ በእርሻው፣ በመጋዘኑና በመንገዱ ላይ መሆኑም በዚያው ጥናት ተመልክቷል።

እንግዲህ «በኛ አገር ሥርዓት አይሠራም» ለሚል ሰው መልሱ እዚያው ፒያሳ ውስጥ፣ በየግሮሰሪው በር ላይ ተደርድሮ ይገኛል። የቢራና የለስላሳ ሣጥን ነው። ባለ 24 ጠርሙሱ የፕላስቲክ ሣጥን አንዱ በሌላው ላይ ሲቀመጥ ግርጌው በታችኛው አፍ ውስጥ ገጥሞ ይይዛል፤ ክብደቱን የሚሸከመው ሣጥኑ ነው እንጂ ጠርሙሱ አይደለም። ከአፉ በላይ ሊሞላ አይችልም፤ ቁጥሩ የታወቀ ስለሆነም በመሙላት የሚያጭበረብር የለም። ብርጭቆ ከቲማቲም ባልተናነሰ ተሰባሪ ነው፤ ያም ሆኖ ዳገቱን ወጥቶ ቁልቁለቱን ወርዶ ባዶው ወደ ፋብሪካው ይመለሳል። ይህን ያደረገው ልዩ ገመድ አይደለም፤ የሣጥኑ ልክና ማስያዣው ነው። ባለ ግሮሰሪው ለሣጥኑና ለጠርሙሱ ገንዘብ አስይዟል፤ ሰበረ ማለት ከኪሱ ከፈለ ማለት ነው። አከፋፋዩም፣ አውራጁም ይህን ያውቃሉ። የቲማቲሙ ሣጥን ግን ገበያ ከደረሰ በኋላ ባለቤቱ ማን እንደሆነ አይታወቅም። ገበሬው ለደላላ፣ ደላላው ለጫኝ፣ ጫኙ ለሹፌር፣ ሹፌሩ ለአውራጅ፣ አውራጁ ለጅምላ ነጋዴ ያስረክባል፤ የተጨፈለቀው ሁሉ በዋጋ ላይ ተጨምሮ የመጨረሻው ሸማች ይከፍለዋል። ኪሳራ የሚያደርሰው ሌላ፣ የሚከፍለው ሌላ ሲሆን ማንም ለመደርደር አይደክምም።

ይህን የሚያጠናክሩ ሌሎች ምሳሌዎችም አሉ፤ ሥርዓቱ የሚሠራው ሰንሰለቱ በአንድ እጅ በተያዘበት ቦታ ነው። በ1914 ዓ.ም. በተቋቋመው በአራት ኪሎው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ዓይነት ተቋማት ውስጥ ወረቀት በመደብ ላይ መደርደሩ የምርጫ ጉዳይ አይደለም፤ የማተሚያ ማሽኑ ወረቀት የሚጎርሰው ከተስተካከለ ቁልል ስለሆነ ጠርዙ የተንጋደደ ወይም እርጥበት የነካው ክምር ሥራውን ያስቆመዋል። በቦሌ የአየር መንገዱ የጭነት ተርሚናል የአበባ ካርቶን በአሉሚኒየም ፓሌት ላይ ተደርድሮ በመረብ ይታሰራል፤ ጭነቱ አየር ላይ ቢንሸራተት አውሮፕላኑን አደጋ ላይ ስለሚጥል ክብደቱ ይመዘናል፣ ቅርጹም ይለካል። የመድኃኒት አቅርቦት ማዕከላዊ መጋዘኖችም ፓሌትን በብረት መደርደሪያ ላይ የሚያወጡት ማንኛውም ካርቶን በአገልግሎት ማብቂያ ቀኑ ተለይቶ መገኘት ስላለበት ነው። በተቃራኒው ፓሌት በሁሉም ቦታ ይግባ ማለትም ስሕተት ነው። የኢትዮጵያ ቡና በተለመደው አሠራር በባለ 60 ኪሎ ጆንያ 320 ሆኖ በባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ይጫናል፤ ይህ 19.2 ቶን ነው። ጆንያው ተጠላልፎ ኮንቴይነሩን ስለሚሞላ የሚንሸራተትበት ቦታ የለውም፤ ፓሌት ቢገባበት ቦታና ክብደት ይወስድበታል። የሚያስፈልገው ከእርጥበት መከላከያ ወረቀትና ደረቅ ጆንያ ነው። ስለዚህ መመዘኛው ፓሌት አለ ወይስ የለም የሚለው ሳይሆን ዕቃው አንድ አካል ሆኖ ይጓዛል ወይስ አይጓዝም የሚለው ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያ ተቃውሞ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ዕቃ በፓሌትና በጋሪ ከገባ ጫኝና አውራጁ ምን ይብላ? ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ጥያቄ አይደለም፤ በከተማችን ብዙ ወጣት የሚኖረው በዚህ ሥራ ነው። ነገር ግን አሁን ያለው አሠራር ለአውራጁ ምን እያደረገለት እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ምክረ ሐሳብ አንድ አዋቂ ወንድ ሠራተኛ በእጁ የሚያነሣውና የሚሸከመው ከ55 ኪሎ እንዳይበልጥ አሳስቧል። የኛ አውራጆች ጤፍና በቆሎ የሚሸከሙት በኩንታል፣ ማለትም በ100 ኪሎ ነው። የሠራተኛው ወገብ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሲጎዳ ሥራውን ያጣል፤ የሚካስበት መንገድም የለውም፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪን ለሠራተኛው ደኅንነት ኃላፊ ቢያደርገውም በየተራው የሚሠራው አውራጅ ብዙ ጊዜ አሠሪዬ የሚለው የለውም። አምስት ቶን ጭነት በኩንታል 50 ጊዜ፣ በ50 ኪሎ 100 ጊዜ ሰው ጀርባ ላይ መውጣት አለበት፤ በግማሽ ቶን መደብ ከሆነ በእጅ በሚገፋ ማንሻ አሥር ጊዜ ይበቃዋል። የሚሻለው አውራጆቹን ከሥራው ማስወጣት ሳይሆን የማንሻውና የሣጥኑ ባለቤት ማድረግ ነው። ሂሳቡ በጆንያ ቁጥር መሆኑ ቀርቶ በሰላም በገባ መደብ ቢሆን፣ ማኅበራቸውም ለጉዳቱ ኃላፊነት ቢወስድ፣ ክፍያው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ነጋዴው ዛሬ በአውራጅ ክፍያ ላይ የሚያሰማው ሮሮም የሚበርደው ለከፈለው ገንዘብ ዋስትና ሲያገኝ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የወጪ ነው፤ ፕላስቲክ ሣጥን፣ የሚለጠጥ ፕላስቲክ፣ የራቼት ማሰሪያ ሁሉ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነው ይባላል። እውነት ነው፤ አንድ ጊዜ ተጠቅልሎ የሚጣል ፕላስቲክን በየአትክልቱ ላይ ማብዛትም ለኪስም ለከተማው ጽዳትም አይበጅም፤ እንዲያውም ትንፋሹን የሚዘጋ ፕላስቲክ ለአትክልት ጎጂ ነው። ነገር ግን ከላይ የተባሉት አብዛኞቹ መፍትሔዎች ምንዛሪ አይጠይቁም። ሣጥኑን ከአፉ ሁለት ጣት አጉድሎ መሙላትና በኪሎ መሸጥ ምንም አያስወጣም። የሣጥኑን ጠርዝ ማለስለስ የአናጢ ሥራ ነው። ካርቶንን ማዕዘን በማዕዘን ማሳረፍ ዕውቀት እንጂ ገንዘብ አይፈልግም። ገመድ ካርቶን በሚቆርጥበት ቦታ የታጠፈ ወፍራም ካርቶን ማግባት ይበቃል። ተመላላሽ ሣጥን ግን ገንዘብ ይጠይቃል፤ ይህንንም በማስያዣ ደጋግሞ በማዞር መመለስ እንደሚቻል የቢራ ፋብሪካዎች ለአሠርት ዓመታት አሳይተዋል። ወጪውን ዛሬ ካለው ኪሳራ ጋር ሳያነጻጽሩ «ውድ ነው» ማለት ግማሹን ሂሳብ ማስላት ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የቦታው ነው። ፒያሳ ዳገት ነው፤ አሮጌ ሱቆቹ በራቸው ጠባብ፣ መግቢያቸው ደረጃ ነው፤ ፎርክሊፍት አይገባባቸውም። ይህም ትክክል ነው፤ ትክክል በመሆኑም የሚያሳየው ለመጋዘን የተሠራን ሥርዓት እንዳለ ወደ ሰፈር ማምጣት እንደማይቻል ብቻ ነው። ሙሉው ፓሌት በሞጆ ደረቅ ወደብና በከተማ ዳር መጋዘን ይቁም፤ ወደ ውስጥ የሚገባው ግማሽ ፓሌት ይሁን፤ ለምሳሌ 600 በ800 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለቱ ተገጥመው አንድ የአውሮፓ ፓሌት ስለሚሆኑ ልኩ አይፋለስም፤ በአብዛኛው በርም ያልፋል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያለብን በእጅ የሚገፋ ማንሻ ለልሙጥና ለደልዳላ ወለል የተሠራ በመሆኑ ነው፤ ግማሽ ቶን በተዳፋት ላይ ሰው ሊያቆመው አይችልም። ስለዚህ መኪናው የሚቆምበትና የሱቁ ወለል በተቻለ መጠን አንድ ከፍታ ላይ መሆን አለባቸው፤ ይህ በማይሆንበት ሣጥኑ በእጅ ይግባ፣ ግን ክብደቱ ለሰው የሚመጥን ይሁን። የሰዓትም ጉዳይ አለ። ከ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ከተማው ከባድ የጭነት ተሽከርካሪዎች በቀኑ ዋና ሰዓታት እንዳይዘዋወሩ ገደብ ካደረገ ወዲህ ማራገፍ የሌሊት ሥራ ሆኗል። በጨለማ፣ በጥድፊያ፣ በእንቅልፍ ዓይን አንድ በአንድ የሚወርድ ጭነት ይሰበራል፣ ይሰረቃል፣ ቁጥሩም ይሳሳታል። ሰዓቱ ባጠረ ቁጥር ዕቃው ተቆጥሮና ተሰናድቶ መምጣቱ ይበልጥ ያስፈልጋል።

የመጨረሻው ተቃውሞ፣ ጉዳዩ አልፎበታል የሚለው ነው። አትክልት ተራ በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ወደ ጃን ሜዳ፣ ከዚያም በ2013 ዓ.ም. ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ተዛውሯል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የኮሪደር ልማቱ ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ የፒያሳ ሰፈሮችን አፍርሶ፣ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመርቆ፣ መንገዱ ሰፍቷል። ታዲያ ፒያሳ ከእንግዲህ የጭነት ሰፈር ናትን? ገበያው ሄዷል፤ ዕቃው ግን አልሄደም። ካፌው ዱቄትና ወተት፣ ሆቴሉ ቢራና አንሶላ፣ ወርቅ ቤቱና የጨርቅ መደብሩ ሸቀጣቸውን፣ መጽሐፍ ሻጩም ጥቅሉን መቀበሉ አይቀርም። እንዲያውም ሰፊ መንገድና ንጹሕ የእግረኛ መሄጃ ባለበት ሰፈር፣ መኪና ማቆም በተከለከለበት ዳር ላይ፣ ጆንያ ዘርግፎ ማራገፍ ከቀድሞው ይልቅ የሚያስቸግር ይሆናል። በፊት ጓሮና ጉራንጉር ይሸፍነው የነበረው ሥርዓት አልባነት አሁን ዋናው መንገድ ላይ ይወጣል። የተዛወረው የጅምላ ገበያም አዲስ ቦታ አገኘ እንጂ አዲስ ሣጥን ካላገኘ አሮጌውን ኪሳራ ይዞ ነው የሄደው። ቦታ መቀየርና አሠራር መቀየር አንድ እንዳልሆኑ አራዳ ከመርካቶ መወለድ ጀምሮ ሲያሳየን ኖሯል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ የሚከተለው ነው። የኢትዮጵያ ጭነት የሚጎዳው ማሰር የሚያውቅ ሰው አጥተን አይደለም፤ የበቅሎ ጫኙም፣ የአይሱዙ ረዳቱም ቋጠሮ ያውቃሉ። የጎደለን የሚታሰረው ነገር ልክና ባለቤት ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ያስፈልጋል። የከተማ አስተዳደሩ በአዲሷ ፒያሳ ለሚሠራ ሕንፃ ፕላን ሲያጸድቅ ዕቃው በየትኛው በር፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ያህል ከፍታ ወለል እንደሚገባ ይጠይቅ፤ መኪና ማቆሚያ እንደሚጠይቅ ሁሉ። የጅምላ አትክልት ነጋዴዎች ከአንድ ምርት፣ ከቲማቲም፣ ጀምረው አንድ ልክ ያለው ተመላላሽ ሣጥን በማስያዣ ያዙሩ፤ ሽያጩም በሣጥን ጉብታ መሆኑ ቀርቶ በሚዛን ይሁን። የጫኝና አውራጅ ማኅበራት ሣጥኑንና ማንሻውን ይያዙ፤ ለሚያደርሱት ዕቃ ኃላፊነት ወስደው የሚገባቸውን ይጠይቁ። ደረጃ የሚያወጡ ተቋማትም ለአገሪቱ አንድ የፓሌት ልክ ሲመርጡ ከኮንቴይነሩ የውስጥ ስፋት ይነሡ። ነጋዴ አንባቢም ከነገ ጀምሮ የሚያደርገው አለ፤ አዲስ ገመድ ከመግዛቱ በፊት የሚረከበው ሣጥን ቢሰበር ማን እንደሚከፍል ከአጓጓዡ ጋር በጽሑፍ ይስማማ።